ወይዘሮ አይሆንም

ጃንዋሪ 11
ሾርባውን በቴርሞስ ቀዳሁ፣ ጨው በዝቶበታል። ከወንድሜ ከካልደርና ከጓደኛው ከሮይስ ጋር የበረዶ መንሸራተቻ ስኪያችንን ይዘን ተራራ ወጣን። ቁልቁለቱን ከመውረዳችን በፊት እንደ ወጉ በረዶውን ቆፈርኩ። ከሥሩ ያው የኖቬምበሩ በረዶ ነው... እንደ ስኳር የሚበተን፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ። ቆርጬ ባቆምኩት ዓምድ ላይ አካፋዬን አስተኝቼ በጣቴ መታ መታ ባደርገው፣ የላይኛው ድፍን በረዶ እንዳለ ሸርተት አለ። ቁልቁለቱም ስንወርድበት እንዲሁ ተንዶ ሊቀብረን ይችላል ማለት ነው።

«አይሆንም» አልኩ። ሕጋችን ነው፤ አንድ ሰው አይሆንም ካለ ሁሉም ይመለሳል፣ ለምን አይባልም። ተመለስን። የሮይስ አፍ ግን መቼ ያርፋል? «ወይዘሮ አይሆንም! ባል ያጣሽው እኮ በዚህ ነው!» ሳቅን። ሳይሆን አይቀርም...

ጃንዋሪ 18
እዚያው ቦታ። አሁንም አይሆንም አልኩ። ስንመለስ ዞር ብለን ብናይ፣ ሌሎች ሰዎች በዚያው ቁልቁለት እየጮሁ ይወርዳሉ። ምንም አልሆኑም።
«እና?» አለ ካልደር።
«በረዶው ዘጠኝ ሰው ችሎ አሥረኛው ላይ ሊናድ ይችላል።»
«እህትዬ፣ ልክ መሆንሽን የምናውቀው ስንሞት ነው ማለት ነው?»
ፊቴን አዙሬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ጃንዋሪ 25
እሁድ ነው፤ ካልደርና ሮይስ አልደወሉም።

ጃንዋሪ 26
ዳቦ ቤት ነው የሰማሁት። ዊልማ ዳቦዋ ቢያድር እንጂ ወሬ አያድርባትም። «ወንድምሽ ትናንት ያን ቁልቁለት ወረደው አሉ! አንቺን ምነው ጥለውሽ ሄዱ?»
ደኅና በመግባቱ ደስ አለኝ። ደግሞ ተናደድኩ። ምኑ ነው ያናደደኝ? ደኅና መግባቱ? ምን ዓይነት እህት ነኝ...

ፌብሯሪ 6
በረዶው ከነፋስ ጋር ሲጥል ሰነበተ። ያ ስኳር የመሰለው በረዶ ከታች እንዳለ ነው፤ ሸክሙ ብቻ ከበደበት። ካልደር ደወለ።
«እሁድ ነይ። ያቺን ቃልሽን ግን እንዳታወጫት፤ ሮይስ ሁለተኛ ካንቺ ጋር አልወጣም ብሏል።»
«ታዲያ ለምን እመጣለሁ?»
«ናፍቀሽኝ ነዋ፣ ሞኝ።»
ብቀር ያለ እኔ ይሄዳል። ብሄድስ...?

ፌብሯሪ 8
ሄድኩ። አልቆፈርኩም። ብቆፍር ማየቴ አይቀር፣ ካየሁ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። ካልደር ቀድሞ ወረደ። ቁልቁለቱ ቻለው። ከታች ሆኖ «አየሽ? አየሽ?» ይለኛል። እጄን አወዛወዝኩለት።

ማርች 1
እሁድ እሁድ አብሬያቸው ነኝ። ሮይስ «ተሻለሽ» እያለ ሳንድዊቹን ያካፍለኛል። መጨረሻ የምወርደው እኔ ነኝ፤ ራሴ ነኝ የለመንኩት። ፈርታ ነው ይላሉ። ይበሉ። ካልደር ሲወርድ ዓይኔን አልነቅልም። ቢናድ በጥዶቹ በኩል ይዞት ይሄዳል፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ይከምረዋል... አካፋዬን ይዤ ፍለጋውን ከዚያ እጀምራለሁ እላለሁ በልቤ። እሱን ከመውረድ ስለ ማስቀረት ማሰብ ትቻለሁ።
ዛሬ ካልደር አካፋዬን ከእጀታው ገጣጥሜ እንደያዝኩ አየኝ። ፊቱ ጨፈገገ። «ደግሞ ልትቆፍሪ ነው?»
«አይዞህ፣ አልቆፍርም» አልኩት። «ውረድ።»