የበረዶው መኮንን

ይድረስ ለአባቴ፣

በደቡብ ዋልታ፣ በዚያ ፀሐይ በማይወጣበት ክረምት እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ጣቶችህ ሁሉ በቦታቸው አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «አንተ» ስልህ አትቀየም፤ «አባትሽን እርስዎ በይ» እያለ የሚቆጣኝ ሰው ስለሌለ ለምዶብኝ ነው።

እማዬ እንዴት ናት ብለሃል። ስለ ነፋሱና ስለ ድንኳኑ ጽፈህ ከጨረስክ በኋላም ቢሆን ጠይቀሃል። ጋሽ ፈቃደና የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሽማግሌዎች መጥተው፣ «እስከ ጥቅምት አውሮፕላን አይገባለትም፤ ሁሉ ደህና ነው ብለሽ ጻፊለት» ብለውኛል። እኔም ታዛዥ ነኝ። ሁሉ ደህና ነው። እማዬ ከዛንዳሙ የብርድ መጋዘን ሥራዋ ወጥታለች። ማሳልም አቁማለች።

ምጽዋ የባሕር ኃይል መኮንን ሳለህ ጠበቀችህ። በመርከብ ወደ የመን ስትሸሽ ጠበቀችህ። ማታ ማታ ቤት የገባኸው ሮተርዳም ወደብ ላይ ጎታች ጀልባ ስትነዳ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የምርምር መርከብ አገኘህና በረዶ ለመድክ። ዴን ሃግ ከተማ ሜዳሊያ ሲያጠልቁልህ «ቤቴ በረዶው ነው» አልክ፤ እሷም ከኋላ ወንበር ሆና አጨበጨበችልህ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። አንተን ለብርድ ሸለሙህ፤ እሷን ሃያ ዓመት ብርድ ውስጥ አቁመው ጓንት ሰጧት።

ከክረምቱ በፊት የመጨረሻው አውሮፕላን ከዚያ ሳይነሳ ደውዬ፣ ሐኪሞቹ ቶሎ ይምጣ እንዳሉ ነግሬሃለሁ። «እናትሽ ብርቱ ናት፤ እዚህ የከረመ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልሁን» አልከኝ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር እሷም ሰማች። ተይው አለችኝ። እኔ ግን አልተውህም።

የቢልመሩን ኪራይ ቤታችንን አስረክቤያለሁ። ልብሷን ጓደኛዋ ኑኃሚን ለጉባኤው ሴቶች አከፋፍላለች።

ጥቅምት ላይ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ጉባኤው በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌው ሳይቀር ይቀበልሃል። ሁሉም ይስቁልሃል፤ አንተም እጅህን አውለብልብላቸው። ቤቴ ልሂድ ብትል እሺ አይሉህም። ጋሽ ፈቃደ ቤት ወስደው እራት ያበሉሃል፣ ያሳድሩሃል። ማለዳ ከበው ሲቀሰቅሱህ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነህ ጩኽ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ቀድመህ እንደሰማህ አውቀው እንዲያዝኑ አልፈልግም።

እስከዚያ በጨለማው አምላክ ይጠብቅህ። ረጅም፣ በጣም ረጅም ዕድሜ ይስጥህ።

ልጇ