ሼድ ለሚለው ቃል የሰጠሁት ፍቺ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ሳልስ ተሻለሽ? እናትሽም እኔም ደኅና ነን፤ እርጅና ብቻ እንደ ክፉ ጎረቤት ሳያንኳኳ መግባቱን አልተወም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬሽ ዛሬ ብጽፍልሽ አትደንግጪ፤ የሞተ የለም። የምነግርሽ ስለ አንድ ቃል ነው።

የምደክምበት መዝገበ ቃላት ማተሚያ ቤት ከገባ ወር ሆኖታል። ሰኞ ዕለት አራሚዋ፣ ያቺ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ልጅ፣ አንዱን ገጽ ይዛ መጣችና፦ መምህር፣ ይህ ፍቺ ነው ወይስ እርግማን? የሼድ ነዋሪ ምን በድሎዎት ነው? አለችኝ። ተቀብዬ አነበብሁት። «ሼድ፦ ቤት መሥራት ያቃተው ሰው የሚወሸቅበት፣ ክብር የሌለው የቆርቆሮ ከለላ» ይላል። መካድ አልቻልሁም። የጻፍሁት አንቺ ያንን አናጺ አግብተሽ ከሚሠራበት ሼድ ጓዳ የገባሽ ሰሞን፣ እኔም ከዚያ ደጅ እግሬ አይደርስም ያልሁ ሳምንት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ቃሉ የእንግሊዝኛ መሆኑን፣ እዚያም ሼይድ፣ ማለትም ጥላ፣ ከሚለው ቃል እንደ ተወለደ ብዙ ሊቃውንት እንደሚያምኑ አውቅ ነበር። አውቄ ተውሁት። ጥላ ብዬ ብጽፍ፣ ልጄ መጠጊያ አገኘች ብዬ መመስከሬ ሆነብኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ያላያችሁትን አትፍቱ እያልሁ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው፣ ሳላይ ፈታሁ።

ስለዚህ ረቡዕ፣ አንቺ ሥራ ላይ እንደምትሆኚ አውቄ ሄድሁ። ደጃፉ ስደርስ ዝናብ ያዘኝ። ባልሽ መላጊያውን አስቀምጦ ወጣና፦ ይግቡ እንጂ አባባ፣ ዝናብ ሽማግሌ አያከብርም አለኝ። በርጩማው ላይ ያለውን ሰጋቱራ በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጠኝ። ማን ነዎት አላለኝም፤ እኔም በር ለማሠራት የመጣሁ መሰልሁ። በር እንደ አማች ነው አባባ፣ ልኩን ካላገኘ ሲንጫጫ ይኖራል ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጓዳችሁን በሚከልለው መጋረጃ ክፍተት መጻሕፍትሽን አየሁ። መደርደሪያቸውን አንዲት ሚስማር አልነካችውም፤ እንጨት ከእንጨት ተጋጥሞ ቆሟል። ጣሪያው እንደ ከበሮ ሲመታ ዋለ፤ አንዲት ጠብታ ግን አልወረደችብኝም። የእኛን ሳሎን ታውቂዋለሽ፤ ክረምት ሲገባ ሦስት ባልዲ ይፈልጋል።

በማግሥቱ ማተሚያ ቤት ሄጄ ፍቺውን ሰረዝሁና እንዲህ ጻፍሁ፦ «ሼድ፦ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል፣ ለሥራም ለማደሪያም የሚሆን ቀላል መጠለያ። ምንጩ ሼይድ (ጥላ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንደሆነ ይታመናል።» አራሚዋ አንብባ፦ አሁን ሰው ይኖርበታል አለችኝ።

ፍቺው ታርሟል። የጻፈው ሰው ግን በአራሚ እጅ አይቃናም፤ እሱ ያንቺ ፈንታ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ስወጣ ባልሽ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ስንለያይ፦ እሑድ እሑድ ቤት ናት፣ አባባ አለኝ። እኔ ማን እንደሆንሁ አልነገርሁትም ነበር።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ የባልሽም የእጁ ሥራ ይቃናለት።

እሑድ ከቀትር በኋላ ጉዳይ የለኝም።

አባትሽ