ብጉራሞቹ ሽማግሌዎች

ይድረስ ካለህበት ለወንድሜ ለልዑልቃል፤ ከገና እስከ ፋሲካ እንደምን ከረምክ? እኛ ከለንደን ዝናብና ከእማዬ ስብከት በቀር ደህና ነን።

እማዬ ሞርሞንነቷ ብሶባታል። የሞቱ ዘመዶቻችንን እስከ ሰባት ቤት እየቆጠረች በስማቸው ሰው ታስጠምቃለች። ቄሱ አያታችን ይህን ቢሰሙ በመቋሚያቸው ያሳድዷት ነበር።

ቅዳሜ ለጎረቤታችን ለእትዬ አልታየሽ፣ «ነገ ማለዳ ሽማግሌዎች ይመጡብኛል» አለቻቸው። የሞርሞን ሰባኪ «ኤልደር»፣ ማለትም «ሽማግሌ» ነው የሚባለው፤ እነዚህ ግን የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ብጉራም ልጆች ናቸው። እትዬ መርዶ መስሏቸው፣ በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይኔ ልዑሌ!» እያሉ ገቡ።

«እትዬ፣ ይሄ ብጉር እንጂ መርዶ አይደለም!» ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። እማዬ አልሳቀችም። ክንዳቸውን ይዛ፣ «ማን ነገረዎት?» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የበር ደወል ሲጮህ አትነሳም። እኔ ቀድሜ ወርጄ «ብጉራሞቹ ናቸው!» ብዬ ስጮህ ነው የምትተነፍሰው። ለገና ከትሪፖሊ የላክኸውን የመጨረሻ ቮይስ ደጋግማ ስለምትከፍተው እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ነገ ጀልባ እንሳፈራለን» ስትል ድምፅህ የፍየል ነው።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ስትመጣ ደወሉን እንዳትነካ። ደጅ ቆመህ ስደበኝ፤ በድምፅህ እናውቅሃለን።

እህትህ እድላዊት፣ ከሰቨን ሲስተርስ፣ ለንደን