እንፋሎትና የተዋስኩት ኮርቻ

ወዳጄ ራህመቶ፣

ይህን የምጽፍልህ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡሩ ደርሶ እንደቆመ ነጂው «ዞር በሉ!» ብሎ ሰዉን አራቀና ከባቡሩ ሆድ ነጭ እንፋሎት ለቀቀ። ፉጨቱን ስሰማ እንደ አሰላ በቅሎ ደንብሬ ሮጥኩ! አንድ ህንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ስቆብኝ ሲያበቃ፣ «ካልተነፈሰ ውሃው የሚፈላበት ጋኑ ይፈነዳል» አለኝ። እንግሊዞች ተቆጥቶ፣ ጮሆ ንዴቱ የወጣለትን ሰው «እንፋሎቱን ለቀቀ» የሚሉትም ከዚሁ ወስደው ነው አለ።

ያን ቀን ለዚህ መንገድ ኮርቻህን ስታውሰኝ ዘገየህ ብዬ የጮህኩብህ ትዝ አለኝ። ባቡሩስ ሰው አርቆ ነው የተነፈሰው፤ እኔ ፊትህ ላይ ለቀቅሁት። አፉ በለኝ።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ፤ እናትህን እትዬ መሪማን ሳምልኝ። ኮርቻህ ግን እንዴት ይመቻል!

ሱሩር