ለየትኛው ካርድ ልፈርም

አርብ፣ መስከረም 30

ፋሻ አለቀ። ዛሬም መጋዘን ለመጠየቅ ሄድኩ፣ ዛሬም ነገ ተባልኩ። በተራረፈው ቁስል ሳሽግ ዋልኩ።

ከምሳ በፊት የባንክ ሰዎች ወደ ጤ/ጣቢያችን መጡ። ካርድ ሊያስተዋውቁ። ደሞዝተኛ ደሞዙን አስይዞ በዱቤ የሚገዛበት፣ ክሬዲት ካርድ የሚሉት አለ። ሌላም ዓይነት አለ። ወረቀት በተኑልን። ሠራተኛው ተንጫጫ። የላቦራቶሪዋ ፋጡማ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቴ ቢሰማ ፊት አይቶ እንጂ ፕላስቲክ አይቶ ዱቤ የሚሰጥ ማነው ይል ነበር ብላ አሳቀችን። የእኔ ልብ ግን ጣሪያዬ ላይ ነው። ክረምቱን በባልዲ ነው የገፋሁት። ቆርቆሮውን አሁን ወስጄ ቀስ ብዬ ብከፍልስ?

ቤት ስደርስ ሄኖክ በሩ ላይ ቆሟል። ደሞዝ መግባቱን ያውቃል። ካርዴን ጠየቀኝ። የሚስጥር ቁጥሩንማ ድሮ ነው የያዘው፤ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ራሴ ነኝ የነገርኩት። ዛሬ አልሰጥም አልኩ። በጥፊ መታኝ። ቦርሳዬን አልለቅ ስል ጉሮሮዬን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። ልጄ ነው፣ ማስታወሻዬ። አንድ ልጄ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው። ፊቱ ላይ ንዴት እንኳ የለም። አልከፈት ያለ በር የሚታገል ሰው ፊት ነው። ካርዱን ወስዶ ወደ ኳስ ውርርዱ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ተረኛ ነኝ። ከንፈሬ አብጧል፣ ማስክ አደረግኩ። አንገቴ ላይ ሻርፕ። ብርዱ ጠቀመኝ፤ ደ/ብርሃን ላይ በጥቅምት ለምን ሻርፕ አደረግሽ የሚል የለም። ፋጡማ ግን አየችኝ። በር መታኝ አልኳት። 

ረፋድ ላይ ከጫጫ አንዲት ሴት መጣች። ክንዷ ተሰብሯል። ባሏ አጠገቧ ቆሟል። ወደቅኩ አለች። መዝገቧ ላይ "ወድቃ" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባልየውን በዘዴ አስወጥቼ ደግሜ እጠይቃት ነበር። ዛሬ በምን አፌ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ባንክ ሄድኩ። ሂሳቤን አሳዩኝ። አራግፎታል።

የካርድ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ ወጣት ናት፣ ታጋሽ። ያስረዳችኝ እንዳይጠፋኝ እጽፈዋለሁ። እስካሁን የያዝኩት ተራው ኤቲኤም (ይዤዋለሁ ከተባለ) የሚቆርጠው ከራሴ ሂሳብ ነው። ያለኝን ሁሉ ይከፍታል። ክሬዲት ካርዱ የባንኩ ገንዘብ ነው። ገደብ ያወጡልኛል፣ እስከዚያ ድረስ እገዛለሁ። የወሩን በጊዜው አጠናቅቄ ከከፈልኩ ወለድ የለም። ካሳደርኩ ወለድ አለ። ጥሬ ብር ካወጣሁበት ግን ወለዱ ከዚያው ዕለት ይጀምራል። ሦስተኛው ቀድመው የሚሞሉት ነው። ውስጡ የሞሉት ያህል ብቻ ነው ያለው።

ቁም ነገር ያለው ዕቃ ገዝቶ በወሩ ለሚዘጋ ሰው ክሬዲቱ ጥሩ ነው አለችኝ። ቆርቆሮዬን አሰብኩ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ጠየቅኳት። ሌላ ሰው ቢወስደውስ? ደውለው ያዘጉታል። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ቢሆንስ?

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሲስተር፣ በትክክለኛው ቁጥር ከወጣ እርስዎ እንዳወጡት ነው የሚቆጠረው።"

ሳልፈርም ወጣሁ። እስካሁን የሚወስድብኝ የሠራሁበትን ነው። በክሬዲቱ ገና ያልሠራሁበትንም ይወስዳል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቤ/ክርስቲያን ስመለስ ቤቱ ታጥቧል። የተገነጠለው የበር ማጠፊያ ተመቷል። ሄኖክ ሽሮ ሠርቶ አቀረበልኝ፣ ጨው በዝቶበታል፣ ጠርጌ በላሁት። እጄን ይዞ አለቀሰ። ከእንግዲህ ባነሳብሽ እጄን ይቁረጠው አለ። ፀጉሩን ደባበስኩት። በዚህ ሳምንት እንደዛሬ ቀሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የባንኩን ወረቀት አወጣ። ከቦርሳዬ ነው ያገኘው። ትልቁን ገደብ ጠይቂ፣ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ ይሆነኛል፣ ከመናኸሪያ ጠባሴ ሰፈር እየተመላለስኩ ሠርቼ እዘጋዋለሁ ይላል። የባጃጁን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። ሰማያዊ።

ሥራ ቢይዝ ይተዋል። የሚያማታው ሥራ ማጣቱ ነው። ቆርቆሮው ይቆይ። ነገ አብረን ሄደን እፈርምለታለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ አስቀያሚ ነው፣ ቻይኝ።

ጠዋት ባንኩ በር ድረስ አብረን ሄድን። ስልኩ ጮኸ። ያበደረው ሰው ነው። ካርዱ እንደወጣ ጥሬውን አውጥቼ እሰጥሃለሁ ሲለው ሰማሁ። ባጃጅ የለም። ተመለስኩ። እሱም ተከተለኝ። ሰው ሰላም ሲለን ሁለታችንም እግዜር ይመስገን እያልን። ቤት ገባንና በሩን ቆለፈው።

በቀበቶ ጀመረ። ዘለበቱ ጆሮዬን ቀደደው። ከዚያ ዱካ መቀመጫውን አነሳ። ፊቴን ስሸፍን የቀኝ ጠቋሚ ጣቴ ሲሰበር ሰማሁት። ያን ድምፅ ከሰው ገላ ላይ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ ከራሴ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ወደቅኩ። ጎኔን ረገጠኝ። ትፈርሚያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ ይላል፣ በእያንዳንዱ እርግጫ። ሲደክመው መታወቂያዬን ሊፈልግ ቦርሳዬ ላይ ጎንበስ አለ። ጀርባውን ሰጠኝ።

ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ነበር። በግራ እጄ አወጣሁት። ጭንቅላቱ ከፊቴ ነው። የት ብመታው እንደማይነሳ አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ለአንቺ አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ፣ ፈልጌ ነበር። ዘነዘናው ወደዚያው ሲወርድ እጄን ወደ ጎን መለስኩት። ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንቱ ተሰበረ። "እማዬ" ብሎ ነው የጮኸው።

ከዚያ ሻርፔን አውልቄ ክንዱን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ደም እየተፋሁ። ቀስ በይ፣ ያመኛል ይለኛል። ቀስ አልኩ። ባጃጅ ጠርተን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ምን ሆናችሁ ነው አለ። ሄኖክ ቀደመኝ፣ ከደረጃ ወድቀን ነው አለ። እኔም አዎ አልኩ። ቤታችን ደረጃ የለውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ታላቅ ወንድሜ ተክሌ ከጎረቤላ መጥቶ ሄኖክን ወሰደው። አልነገርኩትም፣ ፊታችንን አይቶ ገባው። እስኪድን እኔ ዘንድ ይቆይ፣ ከዚያ ትታረቃላችሁ አለ። ሄኖክ ሲወጣ ዞሮ አላየኝም። ተኛሁ። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ቆይቻለሁ። ስነቃ አፈርኩ።

ፋጡማ ወጥ በሳህን ይዛ መጣች። ሁሉን ነገርኳት፣ ዘነዘናውንም። አልደነገጠችም።

"ወላሂ ወርቄ፣ በሚቀጥለው የምመጣው ለቀብርሽ ነው" አለች። "ወይ ለእሱ ቀብር።"

ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አለ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። ልጄን አላሳስርም አልኳት። አንቺ ልጅ የለሽም፣ አይገባሽም አልኳት። ይህንን ማለት አልነበረብኝም። ወጡን አስቀምጣ ወጣች። ቀዝቅዞ ተቀምጧል፣ አልነካሁትም።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ሄኖክ ደወለ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ያመኛል አለ።  ማስታገሻውን ምግብ በልተህ ውሰድ አልኩት። እሺ እማዬ አለ። ከዚያ በዚያው ድምፁ፣ ደሞዝ ሲገባ እመጣለሁ፣ የባንኩን ነገር እስከዚያ ጨርሺ አለ።

"ባልጨርስስ?"

"ያኛው እጄ ደህና ነው" አለ።



ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ባንክ ዋልኩ። ያችው ልጅ ናት። የታሰረ ጣቴን፣ የተሰፋ ጆሮዬን አየች።

አሮጌውን ካርድ አዘጋሁ። ደሞዝ የሚገባበት ሂሳቤ ካርድ አይኖረውም፤ ራሴ በደብተርና በመታወቂያ መስኮቱ ላይ ካልቆምኩ አይወጣም። ቦርሳዬ ውስጥ የምይዘው የሚሞላውን ነው። የሳምንት አስቤዛ እሞላበታለሁ፣ ሌላ የለውም። ክሬዲቱን ተውኩት።

ልጅቷ አልተዋጠላትም። ደሞዝዎ እኮ ይፈቅድልዎታል፣ የጣሪያውን ነገርስ አለችኝ። ለሐሰት ጉልበት አጣሁ።

"ቤቴ እየመጣ ጉሮሮዬን የሚይዝ ሰው አለ" አልኳት። "ሲይዘኝ የምሰጠው ነገር ያስፈልገኛል። ትንሽ መሆን አለበት።"

 ቅጹን ወደ ራሷ ስባ ሞላችልኝ። ቀኜ አልሠራ ስላለ በአሻራ አስፈረመችኝ፣ ቀለሙን በሶፍት ራሷ ጠረገችልኝ።

መንገድ ላይ ነው ያልኩት ነገር የተሰማኝ። ሲይዘኝ። ካርድ የመረጥኩት እንደሚመጣ፣ እንደሚያንቀኝ አምኜ ነው። ለጉሮሮዬ ዋጋ ተምኜ ወጣሁ። ካርዱ ደሞዜን ያድናል። እኔን አያድንም። እሱንም አያድነውም፤ በሚቀጥለው ዘነዘናው ወደ ጎን ይዞር አይዞር አላውቅም።

ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ መቼ ነው የምንሄደው አለች። ነገ ጠዋት አልኩ። ቀበቶውን እናገራለሁ። የእኔንም ምት እናገራለሁ፣ ያስሩኝ እንደሆነ ይሰሩኝ።

ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ለተክሌ ደውዬ ነገርኩት።  ከኋላው ሄኖክ ማነው እያለ ሲጠይቀው ይሰማኛል።

"ልጅሽን ልትከሺ ነው?" አለኝ ተክሌ።

አዎ፣ ልጄን አልኩት።