ወፍራሙ ክር ከታች

ሐርጌሳ፣ ረቡዕ

ውድ ወንድሜ መሀድ፣

የላክልኝን የድምፅ መልእክት ሁለቴ ሰማሁት። መጀመሪያ ሥራ ቦታ፣ የስፌት መኪናዎቹ እየጮሁ። ኋላ ቤት፣ በር ዘግቼ። በድምፅ ልመልስልህ ጀመርኩና ተውኩት። አንተ ድምፅ ስትሰማ መሀል ላይ ትስቃለህ። የተጻፈ ነገር ላይ መሳቅ ትንሽ ይከብድሃል ብዬ ነው።

በአማርኛ የምጽፈው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ድሬዳዋ እያለን ሆዮ፣ እናታችን፣ እንዳትሰማን የምንንሾካሾክበት ቋንቋ ነበር። ዛሬም ልጆቼ አያነቡትም። ሆዮም ያው ናት።

ጊታሩን በፎቶ አይተኸዋል። ገበያ ውስጥ አሮጌ ጄኔሬተርና ማራገቢያ የሚሸጠው አዋሌ፣ ከጅቡቲ በመጣ ዕቃ መሀል አግኝቶት ከሱቁ በር በላይ በሽቦ ሰቅሎታል። የጃፓን ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፣ የእኔ እኩያ። ቀዩ ቀለም ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል። ሦስት ሰው ገዝቶት ሦስቱም መልሰውለታል።

«ኤዶ፣ ፋብሪካው ተሳስቶ ገልብጦ የሠራው ነው» አለኝ አዋሌ። ትልቅ ሴት ሁሉ ለእሱ አክስቱ ናት።

«ጃፓንም ይሳሳታል?»

«ባይሳሳትማ በዚህ ዋጋ አላገኘውም ነበር።»

አልተሳሳተም። ለግራኝ የተሠራ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳየው ነው የገባኝ፤ ለአዋሌም ነገርኩት።

ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚመታው ዓብዲረዛቅ ሊገዛው ይፈልጋል። ከአካሉ የወጣውን አንዱን ቀንድ በመጋዝ ቆርጦ፣ ክሮቹን አዟዙሮ የቀኝ ሊያደርገው ነው። አዋሌን ስለምነው «እስከ ሐሙስ ከሰዓት፣ እስከ ዓስር ሰላት እይዝልሻለሁ፤ ከዚያ መጋዙ ይገባበታል» አለ። ነገ ማለት ነው።

አንተ ሙያውን ስለምታውቅ ጠየቅሁህ። የመለስክልኝ ይኸውና፣ ቃል በቃል። «ደህና ጊታር ነው፣ አንገቱም ቀጥ ያለ ነው። ግን የግራኝ ነው፣ ለማንም አይሆንም። ግዢውና ያ ልጅ ይገልብጠው፣ ከዚያ ለአያንሌ ላኪልኝ። አንቺማ በሃምሳ ዓመትሽ ምን ልታደርጊው? እጅሽ ለመርፌ ነው።» ከዚያ ሳቅህ መጣ።

ልጅህ ጊታር መውደዱ ደስ ይበልህ። ስለ እጄ ግን ልንነጋገር ነው።

ሆዮ ግራ እጄን በትከሻ ሻርፗ፣ በጋርባሳሯ ቅዳጅ ከወገቤ ጋር ስታስረኝ አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር፤ ታስታውሳለህ። ቁርኣን ቤት ሰሌዳውን በቀኝ እንድጽፍ ነው። ስለዚያ አልከራከርም። ዛሬም ቢስሚላህ ብዬ በቀኜ ነው የምበላው። ግን ነገሩ በመብላት አላበቃም። ትምህርት ቤት ስገባ ሶማሌ፣ እስላም፣ በዚያ ላይ ግራኝ ነበርኩ፤ የታሪክ ትምህርት ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር። ስፌት ስማር መቀሱ የተሠራው ለቀኝ ነው፤ በግራ ስይዘው ጨርቁን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሁሉንም ቀየርኩ። ዛሬ አሥራ አንድ ትምህርት ቤት ከእኔ ዘንድ ዩኒፎርም ያሰፋል። ግራኝ መሆኔን ያወቀችብኝ ዓለምነሽ ብቻ ናት፣ ከደሴ መጥታ አብራኝ የምትሠራው። መቀሱን ሁልጊዜ በግራዬ አንስቼ ወደ ቀኜ እንደማዛውረው በሦስተኛው ቀን አየች። «እትዬ፣ እጅዎ መንገድ ይሳሳታል እንዴ?» ብላኝ ሳቅን።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። አንተ ከቀበሌው ኪነት ልምምድ መጥተህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኝተሃል። የኪነቱ ጊታር አልጋህ ሥር ነው። እሱን ይዤ ጓዳ ገባሁ። የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ይህን ዛሬ ነው የምነግርህ። አምስት ወር ሙሉ አንተ ስትተኛ እኔ እመታ ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታር ካልተሰካ ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም፤ ለሌባ የተመቸ ነው። በግራዬ እንድመታው ገልብጬ ነበር የምይዘው፤ ሌላ አያያዝ መኖሩ ግድ አልሰጠኝም።

ያን ቀን ኪነቱ ዝግጅቱን የሚዘጋበትን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታሁት። ከዚያ የጓዳውን መጋረጃ ገልጠህ ገባህ። ደስ የሚልህ መስሎኝ ነበር። «ገልብጠሽ ነው የያዝሽው» አልክና እጄ ላይ አዙረህ አስያዝከኝ። «በይ አሁን ምቺ።»

አልቻልኩም። ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆኑብኝ።

«ተይው፣ እጅሽ ለመርፌ ነው» አልክ። በማግስቱ ጊታሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍክበት።

ይህን ነገር በሦስት ሰርግ ላይ ስታወራው ሰምቻለሁ። እህቴ ጊታር እንደ መጥረጊያ ገልብጣ ይዛ ምናምን። ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። የማታወራው ግን አለ። መጋረጃው ከመሬት አንድ ስንዝር ያጥር ነበር፣ መሀድ። ዜማውን ስጀምር እግሮችህ እዚያ ነበሩ፣ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማህን አድርገህ። እስክጨርስ አልተንቀሳቀሱም። ቆመህ ሰምተኸኝ፣ ከዚያ ነው የገባኸው።

መቻሌን ታውቅ ነበር።

ለምን እንዲያ እንዳደረግህ አልጠይቅህም። አሥራ ስምንት ዓመትህ ነበር፣ ጊታሩም አንድ ብቻ ነበር። ይገባኛል። ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ያንን አምስት ወር ይዤ ኖሬያለሁ፤ ማንም ባያውቅ እኔ አውቃለሁ እያልኩ። አሁን የምፈራው ገንዘቡን ወይም የሰፈሩን ወሬ አይደለም። ነገ ገዝቼው አንድ ነገር እንኳ ካልወጣልኝ አንተ ልክ ነበርክ ማለት ነው። ካልገዛሁት ደግሞ በመጋዝ ይቆረጥና ነገሩ ያልቃል፤ እኔም ያንን አምስት ወር እንዳቀፍኩ እሞታለሁ። ከሁለቱ ሁለተኛው ይቀላል። የማልወደውም ስለሚቀል ነው።

ዛሬ ከሰዓት ለሆዮ ነገርኳት። አንተ በስልክ ስለምታያት ፊቷን ብቻ ነው የምታውቀው። ቀኝ ጎኗ ከደከመ ዓመት ሊሞላው ነው። በግራዋ መብላት እምቢ ስላለች እኔ ነኝ የማጎርሳት።

«ያኔ ያሰርኩሽ በምን ነበር?» አለችኝ።

«በጋርባሳርሽ ቅዳጅ።»

«ጠበቅ አድርጌ ነበር?»

«ጠበቅ አድርገሽ፣ ሆዮ። ጣቴ እስኪደነዝዝ።»

መቁጠሪያዋን በግራ እጇ ትንሽ ገፋች። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። ከዚያ ደግሞ «ጎረቤት ይሰማል እኮ።»

«ካልሰካሁት አይሰማም።»

«ካልሰካሽው ታዲያ ለምን ትገዢዋለሽ?»



ሐሙስ፣ ከዓስር በኋላ

ዓለምነሽን ይዤ ሄድኩ። ዓብዲረዛቅ ቀድሞን ደርሷል፤ በአዋሌ ሱቅ በር፣ ጄኔሬተር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ኤዶ፣ ዩኒፎርም ልትሰፊለት ነው?» አለኝ።

«መጀመሪያ እሱ ይለካኝ» አልኩት።

አዋሌ ጊታሩን ከሽቦው አውርዶ አሮጌ አምፕሊፋየር ላይ ሰካው። የድምፁ ቁልፍ ሲዞር እንደ ጥብስ ይንጫጫል፤ ሌላው ደህና ነው። ተቀመጥኩ። በግራዬ ያዝኩት። በሕይወቴ እንደ እሱ አካል ተመችቶኝ የሚያውቅ ዕቃ የለም፤ መቀሱም፣ እስክሪብቶውም። እጄ መንገድ አልተሳሳተም። የዜማውን መጀመሪያ መታሁ።

የለም። ጣቶቼ በሚሄዱበት ሁሉ ሌላ ድምፅ ነው ያለው። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም የለም። ከመንገድ ሁለት ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ።

«ቀኙም እምቢ፣ ግራውም እምቢ» አለ ዓብዲረዛቅ። «ኤዶ፣ አይድከምሽ። እኔ ልውሰደው።»

«እትዬ፣ እንሂድ» አለችኝ ዓለምነሽ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ።

ያን ጊዜ ሳቅህን ሰማሁት፣ መሀድ። ልነሳ ነበር። ጊታሩን ለአዋሌ ሳቀብል ዓይኔ ክሮቹ ላይ ወደቀ። ወፍራሙ ክር ከላይ ነው። ለግራኝ ተሠርቶ፣ ክሩም ለግራኝ ተወጥሮ፣ ልክ እንደሚገባው ከላይ። እኔ የተማርኩት ግን በአንተ ጊታር ነው፤ የቀኝ ጊታር ሲገለበጥ ወፍራሙ ክር ከታች ይሆናል። የግራኝ ጊታር እንኳ ለእኔ አልተሠራም። ጣቶቼ አልረሱም ነበር። ክሮቹ ናቸው የተለዋወጡት።

«አዋሌ፣ ክሮቹን ፍታቸውና አዟዙርልኝ። ወፍራሙ ከታች።»

«ፋብሪካው አልተሳሳተም አልሽ። አሁን ፋብሪካውን ልታርሚው ነው?»

«አዎ።»

ፈታው። ክሮቹ የሚያርፉበት አጥንት ላይ ያለው ጎድጓድ አልገጠመም። ቀጭኑ ክር ሰፊው ጎድጓድ ውስጥ ይዋልላል፣ ወፍራሙ ጠባቡ ውስጥ አልገባ ብሎ አፉ ላይ ቀረ። ዓለምነሽ ከቦርሳዋ የኮሌታ ማጠንከሪያ ጨርቅ ቀደደች፤ አጥፌ ከቀጭኑ ክር ሥር ወሸቅሁት። ወፍራሙን ተውኩት። ዜማው ብዙም አይፈልገውም።

መታሁት።

መጥፎ ነበር። ሁለት ቦታ ሳትኩ፤ አንድ ቦታ ቆሜ እንደገና ጀመርኩ። የጣቴ ጫፍ በመርፌ ብዛት የደነደነ ስለሆነ ክሩ አላመመኝም፤ በዚህ መርፌ ጠቅሞኛል፣ አልክድህም። ግን ዜማው መጣ። እስከ መጨረሻው መጣ። ተሰክቶ፣ በቀን፣ ገበያ መሀል።

ዓብዲረዛቅ ሻዩን አስቀመጠ። ሲቀልድ አልነበረም። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«የተኛ ወንድም» አልኩት።

ከፍዬ ይዤው መጣሁ። በዩኒፎርም ጨርቅ ጠቅልለነው ዓለምነሽ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ እስከ ሰፈራችን፣ እስከ 26 ጁን በእግራችን። ሰው ሬሳ የያዝን መስሎት መንገድ ይለቅልን ነበር። አሁን ሆዮ አልጋ አጠገብ ቆሟል። በግራ እጇ ክሩን አንዴ ጎተተችውና «እሾህ ነው፣ ይዋጋል» አለች።

ለአያንሌ አልልክለትም። ከፈለገ ይምጣና አሳየዋለሁ። ከመምጣቱ በፊት ግን በየትኛው እጁ ድንጋይ እንደሚወረውር እየው። በየትኛውም ይሁን፣ አታዙርበት።

የሱማያ ሰርግ በሚቀጥለው ወር ነው። ጅጅጋ እመጣለሁ፣ ይዤው ነው የምመጣው። ልጅህን ስትድር ያቺን ቀልድ እንደምታወራት አውቃለሁ። አውራት፤ ሰው ይሳቅ። ከመጋረጃው ሥር የነበሩትን እግሮች ግን ጨምርባት።

ካልጨመርክ እሰካዋለሁ።

እህትህ
ኢልሃን