ውሃ ስንጠይቅ ፈሊጥ ስለላኩልን

ይድረስ ለክቡር የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነጸሐፊዎና ከነሾፌርዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከመድረቃችን በቀር ደኅና ነን። ጤናዎ የተሟላ፣ ጉሮሮዎም ሁልጊዜ የረጠበ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በእኛ ሰፈር ይህ ተራ ምኞት እንዳልሆነ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

እኔ መንገድ ዳር ያለችውን የሴቶች ፀጉር ቤት የከፈተችው ሴት ባል ነኝ። ባለቤቴ ልጆቻችንን ያሳደገችው በዚያች ቤት ነው፤ እኔም ከሥራ ከተቀነስኩ ወዲህ የምኖረው በእሷ እጅ ነው። ፀጉር ቤት ደግሞ፣ ማስረዳቱ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ያለ ውሃ አይሠራም።

ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይቀድማል። ክቡርነትዎ ከሥልጠና ተመልሰው ሠራተኛው በየሳምንቱ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንዲያጠና፣ ለደንበኛ የሚጻፈው መልስም በሳምንቱ ፈሊጥ እንዲጀምር ማዘዝዎን ሰምተን ኮርተናል። ፈሊጦቹ ሁሉ “ቴክ” ከምትባል፣ መውሰድ ማለት ከሆነች ግስ መውጣታቸው ደግሞ ለመሥሪያ ቤትዎ እንዴት ይስማማል! ይህን ካልኩ በኋላ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ውሃው የጠፋ ዕለት ባለቤቴ በማግስቱ ልጃቸውን ለሚድሩ እናት ፀጉር ቀለም ቀብታ ነበር። ቀለም በጊዜው ካልታጠበ ራስ ይፈጃል። ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። እሷ ከሱቅ በመጣ የታሸገ ውሃ “አይዞዎት እማማ፣ ትንሽ ነው የቀረው” እያለች ስታለቃልቅ፣ እኔ ቢሮዎ ሮጥኩ። የተሰጠኝ ወረቀት “ቴክ ኢት ኢዚ” ይላል። ሰፈሩ “ዲክሽነሪ” የሚላቸው ጡረተኛ ጎረቤታችን መነጽራቸውን ወልውለው “አትጨነቅ፣ ቀለል አድርገህ እየው ማለት ነው” ብለው ተረጎሙልኝ። ስለ ጭንቀቴ መጨነቅዎ ልቤን ነካው። እናትየዋ ግን ቀለል አድርገው አላዩትም፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ዝገት በመሰለ ፀጉር ልጃቸውን ዳሩ። እስከ ዛሬ በደጃችን ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሁለተኛ፦ በድጋሚ ሳመለክት “ቴክ ኢንቱ አካውንት” ተባልኩ፤ ግምት ውስጥ ማስገባት ነው አሉ ዲክሽነሪ። ቅሬታችን ገብቷል፤ እግዜር ይስጥልን። ከገባበት የሚወጣበትን ቀን ግን የሚነግረን አላገኘንም።

ሦስተኛ፦ “ቴክ ስቴፕስ”። ይህችስ አስተርጓሚ አላሻትም፤ እርምጃ መውሰድ ናት። ሲወሰድብን ጠንቅቀን እናውቃታለን፤ ሲወሰድልን ምን እንደምትመስል ለማየት ጓጉተን ነበር።

አራተኛውን ባለቤቴ “ይሄን እንኳ ተወው፣ ልጆቹ ያነቡታል” ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፦ ጥገናው በቅርቡ “ቴክ ፕሌስ” እንደሚያደርግ ጻፉልን። ዲክሽነሪ “ይከናወናል ማለት ነው፤ ነገር ግን መቼና የት ካልተባለ ምን ዋጋ አለው?” ብለው ቅር ቢላቸውም እኛ ማን ሰምቷቸው! ባለቤቴ ለደንበኞቿ ደውላ ቀጠሮ ሰጠች። ሰፈሩ ጀሪካኑን አጥቦ መንገድ ላይ ደረደረ፤ በምን አጠባችሁት ብለው አይጠይቁኝ። በእርግጥም መኪናዎ መጣ። ከመኪናው የወረደው ግን ቧንቧ ሠራተኛ ሳይሆን፣ ከረባቱን ያሳመረ አሰልጣኝ ከነፕሮጀክተሩ ነበር። ለካስ ክቡርነትዎ አንድ ደንበኛ ደጋግሞ የሚያመለክተው ለምንድነው ብለው አስጠንተው፣ የመልሱ ፈሊጥ ስላልገባው ነው የሚል ውጤት ላይ ደርሰው ኖሯል!

ወንበር ያለው እኛ ዘንድ ነውና ሥልጠናው ፀጉር ቤታችን ውስጥ ተሰጠ። ጎረቤቱ ሁሉ በተርታ በፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀመጠ። የዕለቱ ትምህርት “ቴክ ፎር ግራንትድ” ነበር፤ በእጅ ያለን ነገር ሁልጊዜ የሚኖር መስሎን ዋጋ ስንነፍገው እንደማለት ነው። አሰልጣኙ ምሳሌ ሲጠይቅ ባለቤቴ እጇን አውጥታ “ውሃ” አለች። “በጣም ጎበዝ!” ብሎ አስጨበጨበላት። እሷ ታለቅስ ነበር፤ እሱ ግን ስላይዱን እየቀየረ ስለነበር አላያትም። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮው ደረቀና የሚጠጣ ነገር ለመነ። ባለቤቴም ለሌላ ደንበኛ ያስቀመጠቻትን የመጨረሻዋን የታሸገ ውሃ ከፍታ ሰጠችው።

ብድር ሳይመልሱ መማር አይገባምና፣ እኛም ከራሳችን ቋንቋ አንዲት ግስ ላበርክትልዎ፤ መቁረጥ ትባላለች። ባለቤቴ ፀጉር ትቆርጣለች። ክቡርነትዎ ውሃ ይቆርጣሉ። ለጥገናው ቀን አልቆረጡም፤ የቤቱ አከራይ ግን የምንወጣበትን ቆርጦልናል። እናም ስንት ዓመት በእግሯ ቆማ ያቆየችን ሴት ትናንት ተስፋ ቆረጠች። መስታወቶቹን አውርዳ በፎጣ ስትጠቀልል አጠገቧ ብቆምም “ቴክ ኢት ኢዚ” ልላት አልደፈርኩም። ሰው “እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ” ሲል እሰማ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ውሃውን ከወሰዱ በኋላም ማሳሳቁን አልተዉም።

በሩ ላይ በእጇ ጽፋ የለጠፈችው “ውሃ ስለሌለ ዘግተናል” ይላል። ደንበኞቿ አንዴ አንብበው ገባቸው፤ አሰልጣኝ መላክ አላስፈለገንም።

የፈሊጥዎ ትጉህ ተማሪ፣ የቧንቧዎ ታማኝ ጠባቂ፣ ሁልጊዜም በመልስዎ የማይረካ ግን የሚያመሰግን፣

የባለ ፀጉር ቤቷ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሥልጠናውን በብቃት በማጠናቀቋ ለባለቤቴ የተሰጣት፣ ክቡርነትዎ የፈረሙበት ሰርተፍኬት ደርሷታል። እንዳይረጥብና እንዳይበላሽ የት እናስቀምጠው ብለን በጣም ተጨነቅን፤ በመጨረሻ ቧንቧው ሥር አስቀመጥነው።